ዘጠኝ ራፐር በአንድ ቢት ላይ

ባለፈው እትም ብዙ ራፐሮች ስለሚሳተፉበት ዘፈን በሁለት መስመር ነካ አድርጌ አለፍኩ። አይ ጥፋት! የመልእክት ሳጥኔ ሞላ። ግማሹ ጥያቄ ነው፣ ግማሹ ክስ ነው። «እገሌ ቨርሴን ቆረጠብኝ» ዓይነት ክስ። (ቨርስ አንዱ ራፐር በተራው የሚለው ክፍል ነው፤ ቢት ደግሞ ከሥሩ የሚሄደው ሙዚቃ።) እሺ፣ ዛሬ ሌላውን ሁሉ ወደ ጎን ትቼ እዚሁ ላይ እቆያለሁ።

ለማታውቁኝ፣ እኔ ራፐር አይደለሁም። አንድ ጊዜ ሞክሬ፣ የቀዳሁትን ማንም ሳይሰማው ያጠፋሁት ራሴ ነኝ። ሥራዬ ከስቱዲዮው መስታወት ወዲህ ተቀምጦ መቅዳት፣ መቁረጥና ማቀናበር ነው። የምላችሁም ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ያየሁትን ነው።

ጥያቄ፦ ዘጠኝ ጓደኛሞች ነን። ቢቱ 90 ቢፒኤም ነው። እያንዳንዳችን 16 ባር ጻፍን። አንድ ላይ ስንቀጥለው ግን ዘፈኑ አላልቅ አለ። ከራሱ ላይ ይቆረጥ የሚል አንድም ሰው የለም። ምን ይሻለናል? (አላልቅ ካለው ዘፈን ባለቤት)

መልስ፦ መጀመሪያ ሒሳብ እንሥራ። ሰው ቁጥር ሲያይ ትንሽ ይረጋጋል። አንድ ባር አራት ምት ነው። በደቂቃ 90 ምት በሚሄድ ቢት ላይ 16 ባር 43 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ዘጠኝ ጊዜ ስታባዛው 6 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ይመጣል። ገና አዝማች አልገባም። ስምንት ባር አዝማች አራት ጊዜ ጣል ብታደርግበት ስምንት ደቂቃ ሊሞላ የሚቀረው አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። እናትህም ብትሆን እስከ መጨረሻው አትሰማህም።

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የሚባለው ለእናንተ ነው። ርዝመቱ መወሰን የነበረበት ማንም እስክሪብቶ ሳያነሳ ነው። አሁን ድስቱ ተጥዷልና ያለውን እናድን።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው «ሁላችንም እኩል ስምንት ስምንት ባር እንሁን» ነው። 72 ባር ይሆናል፣ 3 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ። ሒሳቡ ያምራል። ዘፈኑ ግን ላያምር ይችላል። ዘጠኝ እኩል ቁራጭ በተራ በተራ ሲመጣ ጆሮ አራተኛው ላይ ይነቃበታል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ግጥሙን ሳይሆን ወረፋውን ነው። እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ፦ ሁለት ሰው 12 ባር ይወስዳል። ሦስት ሰው ስምንት ስምንት ይወስዳል። የቀሩት አራቱ ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመሩና እያንዳንዱ ጥንድ 12 ባር ላይ ሁለት ሁለት ባር እየተቀባበለ ይጫወታል። ድምሩ ያው 72 ባር ነው። ዘፈኑ ግን ሌላ ዘፈን ነው።

አዝማችም የግድ አይደለም። የአሜሪካው ራፕ ቡድን የዉ-ታንግ ክላን «ፕሮቴክት ያ ኔክ» በ1992 ሲወጣ ስምንት ሰው ነበር የገባበት። የሚዘፈን አዝማች የለውም፤ አንዱ ከአንዱ እየነጠቀ ይሄዳል። አዝማቹን ብትተውት የምታተርፈውን ጊዜ አስበው።

አሁን ወደ መቀሱ። አብዛኛው የ16 ባር ቨርስ የመጀመሪያው አራት ባር ጉሮሮ መጥረጊያ ነው። «መጣሁ፣ ገባሁ፣ ማይኩን ያዝኩ፣ ስሜን ጥሩ።» ትክክለኛው ቨርስ አምስተኛው ባር ላይ ይጀምራል። አንዴ አንድ ልጅ «አንዲት ባር ብትነካ ከዘፈኑ እወጣለሁ» ብሎ ምሎልኝ ነበር። ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ የመጀመሪያዎቹን አራት ባር ቆረጥኩ። ሲመለስ ምንም ሳልለው ሄድፎኑን ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ ሰማው። ከዚያ ቀና ብሎ «ድምፄን ከፍ አደረግከው እንዴ?» አለኝ። የተቆረጠውን ነገርኩት። ትንሽ አኩርፎ ተወው። (ኦሪጅናሉን አስቀምጬለት ነበር። ኮፒ ሳታስቀምጡ የሰው ቨርስ አትቁረጡ። ያ መቁረጥ ሳይሆን ማጥፋት ነው።)

ጥያቄ፦ ቡድናችን ውስጥ ስድስት ነን። ሁሉም መጨረሻ መግባት ይፈልጋል። እኔ ብቸኛዋ ሴት ነኝና «አንቺ ጀምሪ» ተባልኩ። ቅር ብሎኛል። እውነት ምርጡ ቦታ መጨረሻው ነው? (አንደኛ ግቢ የተባልኩ)

መልስ፦ «መጨረሻ የሚገባው ንጉሡ ነው» የሚለው ነገር ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ቢት ሠሪው ማርሊ ማርል በ1988 «ዘ ሲምፎኒ»ን ሲሠራ አራት ሰው አሰለፈ። ማስታ ኤስ ጀመረ፣ ክሬግ ጂ ቀጠለ፣ ኩል ጂ ራፕ ሦስተኛ ሆነ፣ ቢግ ዳዲ ኬን ዘጋው። ኬን ያኔ ስሙ የገነነ ነበር። ማስታ ኤስ ደግሞ ገና አዲስ ፊት። ከዚያ ወዲህ አዲሱ ይከፍታል፣ ትልቁ ይዘጋል የሚለው ወግ እንደ ሕግ ተቆጠረ።

ግን 1991ን ተመልከቺ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ዘፈን ወጣ። አንዱ የኤ ትራይብ ኮልድ ክዌስት ቡድን «ሴናሪዮ» ነው። አምስት ሰው አለበት፤ መጨረሻ የገባው በስታ ራይምስ ነው። ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ሰው ጆሮ ላይ የሚቀረው የእሱ ጩኸት ነው። ሌላው የሜን ሶርስ ቡድን «ላይቭ አት ዘ ባርቢኪዩ» ነው። እዚህ ላይ መጀመሪያ የገባው ማንም የማያውቀው ወጣት ነበር። ስሙ ናስ። በሸክላ ላይ ድምፁ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። አንዱ በመዝጋት ታወቀ፣ አንዱ በመክፈት። ስለዚህ «ጀምሪ» ስትባዪ ወረፋ ላይ የተገፋሽ እንዳይመስልሽ። (ሴት ስለሆንሽ ብቻ ከሆነ ግን ፊት ለፊት ጠይቂያቸው። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።)

እኔ ቅደም ተከተል የማወጣው በችሎታ አይደለም። በድምፅ ነው። ወፍራም ድምፅ ካለፈ ቀጭን አስከትላለሁ። ቶሎ ቶሎ ከሚለው በኋላ ቃሉን የሚጎትተውን አስገባለሁ። ሁለት ሻካራ ድምፅ ከተከታተለ አድማጭ አንድ ሰው ነው ብሎ ያስባል። የሁለቱም ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። የምፈትንበት መንገድ ቀላል ነው። የእያንዳንዱን ቨርስ የመጨረሻ ሁለት ባርና የተከታዩን የመጀመሪያ ሁለት ባር ብቻ ቆርጬ አያይዛለሁ። ሌላውን ሁሉ እጥላለሁ። ስድስት ሰው ከሆነ አምስት መጋጠሚያ ይኖራል። ያቺን አንድ ደቂቃ የማትሞላ ቅንጥብጣቢ ደጋግሜ እሰማለሁ። መጋጠሚያው ላይ ጆሮዬ ብድግ ካላለ ቦታ አቀያይራለሁ። አንዳንዴ አሥር ጊዜ ሞክሬ የመጀመሪያው ላይ እመለሳለሁ።

አደገኛው ቦታ መጀመሪያም መጨረሻም አይደለም፤ መሐሉ ነው። አራተኛው ሰው ሲገባ አድማጭ ስልኩን መነካካት ይጀምራል። እዚያ ጋ ቢቱ መለወጥ አለበት። ከበሮውን አራት ባር አጥፉት፤ ቤዙና ድምፁ ብቻ ይቅሩ። ከቡድኑ ውስጥ ለየት ያለ ነገር ያለውን ሰው፣ የሚያስቀውን ወይም በሹክሹክታ የሚናገረውን፣ እዚያ አስቀምጡት።

ወደ አንቺ ልመለስ። የጀማሪ ቦታ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ መግቢያ የለሽም። አንደኛው ባር ላይ ነገሩ ውስጥ መሆን አለብሽ። በምላሹ ደግሞ ጥቅም ጠይቂ። «የእኔን ቨርስ ሳትሰሙ ማንም የራሱን እንዳይጽፍ» በያቸው። አንቺ «በር» ብለሽ ከጨረስሽ ቀጣዩ በሩን ከፍቶ ይግባ። ሦስተኛው ደግሞ የገባውን ያስወጣው። ያኔ ስድስቱም ስለ አንቺ ነገር ነው የሚያወሩት። መጨረሻ የሚገባው ሰውዬ ሳይቀር።

ጥያቄ፦ ሰባት ራፐሮች ከየቤታቸው ቀድተው ፋይል ላኩልኝ። ቢቱ ላይ ስደርባቸው አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይዘገያል፣ አንዱ ደግሞ ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጥኗል። ኮምፒውተሬ ይሆን የተበላሸው? (ሦስት ሌሊት ያልተኛ ቢት ሠሪ)

መልስ፦ ኮምፒውተርህን ይቅርታ ጠይቀው። ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ከሕፃኑ እንጀምር። ልጁ የቀዳው በ44.1 ኪሎኸርዝ ነው (ድምፁ በሰከንድ ስንት ሺህ ጊዜ እንደሚለካ ማለት ነው)፤ ያንተ ፕሮጀክት ደግሞ 48 ላይ ነው። ፕሮግራሙ ሳይቀይረው እንዳለ ሲያነበው ፍጥነቱ 9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ቃናውም አንድ ተኩል ሴሚቶን (ግማሽ ቶን) ያህል ወደ ላይ ይወጣል። ጎረምሳው ሕፃን ሆነ። በእጅህ እየጎተትክ ለማስተካከል አትሞክር። ፋይሉን በትክክለኛው መጠን ቀይረህ እንደገና አስገባው፤ ጢሙ ይመለሳል።

የቀደመውና የዘገየው ላይ አንድ ነገር አጣራ። ስህተቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ነው ወይስ እየሰፋ ይሄዳል? እኩል ከሆነ ቀላል ነው። ወይ የመሣሪያው መዘግየት ነው፣ ወይ የላክለት ኤምፒ3 መነሻው ላይ ያለችው ትንሽ ዝምታ ናት። ሙሉውን ድምፅ ትንሽ ገፋ አድርገው፤ አለቀ። ሲጀምር ልክ ሆኖ እየሄደ የሚርቅ ከሆነ ግን ልጁ የቀዳው በሌላ ፍጥነት ላይ ነው። መጀመሪያ ቢቱን በ92 ሠርተህ ልከህ፣ ቆይተህ ወደ 90 አውርደኸው ለእሱ ሳትነግረው ቀርተህ ይሆናል። በዚህ ብቻ 16 ባር ላይ አንድ ሰከንድ ያህል ይቀድምሃል። በራፕ አንድ ሰከንድ ማለት ደግሞ አንድ ሙሉ ሐረግ ነው። ድምፁን በፕሮግራም ለመለጠጥ አትሞክር። «ይቅርታ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ እንደገና ቅዳልኝ» በለው። እንዲህ ማለት አይገድልም።

እኔ ለማንም ራፐር ቢት በምልክበት ጊዜ አንድ መልእክት አብሬ እልካለሁ። እንዲህ ትላለች፦ «ቢቱ 90 ነው፤ አይቀየርም። ዋቭ በሚባለው የፋይል ዓይነት፣ በ24 ቢት ጥራት፣ በ48 ኪሎኸርዝ አድርገህ ቅዳ። ያንተ ቨርስ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ቢጀምርም ፋይሉን ከዜሮ ጀምረህ አውጣልኝ። ኢኮ፣ ሪቨርብ (የክፍል ማስተጋባት)፣ ምናምን አትጨምርበት። ዋናውን ድምፅ ለብቻ፣ በላዩ የተደረበውን ለብቻ፣ አድሊቡን (ከኋላ የሚገባውን «እንዴ!» ዓይነት ጩኸት) ለብቻ። ድምፁ በዝቶ ቀዩ መብራት ከበራ እንደገና ቅዳ። ፋይሉ ላይ ስምህን ጻፍ።» የመጨረሻዋን የጨመርኳት ከደረሰብኝ በኋላ ነው። አንድ ጊዜ ከስድስት ሰው ስድስት ፋይል መጣልኝ፤ የሁሉም ስም «ፋይናል» ነው። ከአንዱ ደግሞ «ፋይናል 2» እና «የመጨረሻው ፋይናል» ሁለቱም መጡ። ሌሊቱን ሙሉ ሚክስ ሳደርግ (ድምፆቹን ሳመጣጥን) ያደርኩት የተሳሳተውን ነበር። ጠዋት ልጁ ሲሰማው «ይሄን እኮ ስሳሳት ነው የቀዳሁት» አለኝ። ሚክሱ ግን በጣም አምሮ ነበር። ምን ዋጋ አለው።

ከማይኩ አንድ ስንዝር ራቁ። ልብስ የተሞላ ቁም ሣጥን በሩን ከፍታችሁ ፊት ለፊቱ ብትቆሙ ከባዶ ክፍል ይሻላል። ስለ ቤት ቀረጻ ከዚህ የበለጠ ምክር የለኝም።

ጥያቄ፦ ሁሉም ራፐር በአንድ ዓይነት ማይክ መቅዳት አለበት?

መልስ፦ የለበትም። እንዲያውም የአንዱ ከአንዱ ትንሽ ቢለይ ሰዎቹን ለመለየት ያግዛል። ኮንዴንሰር የሚባለው ስሱ ማይክ የሌለው፣ ዳይናሚክ በሚባለው ጠንካራ ማይክ ይቅዳ። በስልክ የተቀዳ ቨርስ ግን ስምንት ንጹሕ ድምፆች መሐል ሲገባ ያስታውቃል። ሆን ተብሎ ካልሆነ በቀር ተዉት።

ጥያቄ፦ የ19 ዓመት ልጅ አለኝ። ብዙ ሆነው የሚሠሩት ዘፈን ላይ ግባ ብለውት ሁለት ሳምንት ክፍሉን ዘግቶ ጻፈ። ሄዶም ቀዳ። ዘፈኑ ሲወጣ የእሱ ድምፅ የለበትም። ማንም አልነገረውም። እኔ የእናንተን ሙዚቃ አላውቀውም። ግን ይኼ ነውር አይደለም ወይ? (የልጃቸው ነገር ያሳሰባቸው እናት)

መልስ፦ እናቴ፣ ነውር ነው። ሙዚቃውን ማወቅ አያስፈልግዎትም፤ ልክ ነው የፈረዱት።

መቁረጡ ነውር አይደለም። ብዙ ሰው ባለበት ዘፈን ላይ የሚቀር ሰው አይጠፋም። ዘፈኑ ይረዝማል፣ ሁለት ሰው አንድ ነገር ይላል፣ የአንዱ ቀረጻ ይበላሻል። ነውሩ ዝምታው ነው። እዚህ ላይ ንጹሕ ነኝ ብዬ አልፈርድም፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ዘፈኑ ሊወጣ አንድ ሌሊት ሲቀረው ረዘመብንና የአንዱን ልጅ ቨርስ አወጣን። እኔ አዘጋጁ ይነግረዋል ብዬ ተኛሁ። አዘጋጁ እኔ የምነግረው መስሎት ተኛ። ልጁ ጓደኞቹን ሰብስቦ፣ ድምፅ ማጉያ ዘርግቶ፣ «አሁን እኔ ነኝ፣ አሁን እኔ ነኝ» እያለ ዘፈኑ አለቀ። ይህን የነገረኝ እሱ አይደለም፤ አብረውት ከነበሩት አንዱ ነው። እሱ እስካሁን አላነጋገረኝም። ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ አወጣሁ። ሰው ከዘፈን ከወጣ ፋይሉን ከማንሳቴ በፊት ስልክ እደውላለሁ። በጽሑፍ አልልክም። እደውላለሁ።

ለልጅዎ ሁለት ነገር ይንገሩልኝ። አንደኛ፣ የተቀዳውን የራሱን ድምፅ ይጠይቅ። ያለ ቢቱ ለብቻው ይስጡት። ቢቱ የሌላ ሰው ስለሆነ በዚያው ላይ አድርጎ ማውጣት አይችልም። ግጥሙ ግን የራሱ ነው፤ በሌላ ቢት ላይ ሊሠራበት ይችላል። ሁለተኛ፣ «ለምን?» ብሎ አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቅ። «ረዘመብን» ካሉት አይዘን። «ቀረጻው ቆሽሿል» ካሉት ማይኩን ያስተካክል። «ቨርሱ ደከመ» ካሉት ደግሞ እውነት የነገረውን ሰው ቁጥር ይያዝ። የሚቀጥለውን ቨርስ መጀመሪያ ለዚያ ሰው ያሰማው።

ጥያቄ፦ ስምንት ራፐርና አንድ ቢት ሠሪ ነን። ዘፈኑ ገንዘብ ቢያመጣ እንዴት እንካፈላለን? ጓደኛሞች ስለሆንን ማውራቱን ሁላችንም ፈራን። (ከስምንቱ አንዱ)

መልስ፦ ጓደኛሞች ስለሆናችሁ ነው ማውራት ያለባችሁ። ጠላት ከሆናችሁማ ጠበቃ ያወራላችኋል።

ለይታችሁ ያዙ፤ ዘፈኑ ውስጥ ሁለት ንብረት አለ። አንዱ ድርሰቱ ነው፣ ማለትም ግጥሙና ሙዚቃው። ሌላው የተቀዳው ድምፅ ነው፣ ማስተር የምንለው። ሁለቱ ለየብቻ ገንዘብ ያመጣሉ፤ ባለቤቶቻቸውም ሊለያዩ ይችላሉ። ስቱዲዮውን የከፈለው ሰው ማስተሩ ላይ ድርሻ ሊጠይቅ ይችላል፤ አንድ ቃል ካልጻፈ ግን ድርሰቱ ላይ የለበትም።

በድርሰቱ በኩል ብዙዎች የሚጀምሩት ግማሹን ለቢት ሠሪው፣ ግማሹን ለጸሐፊዎቹ ከሚለው ነው። ሕግ አይደለም፤ የመነሻ ሐሳብ ነው። 50 በመቶውን ስምንታችሁ እኩል ብትካፈሉ ለእያንዳንዱ 6.25 ይደርሳል። አዝማቹን የጻፈው ሰው «የእኔ ይብዛ» ቢል አልፈርድበትም፤ አዝማቹ አራት ጊዜ ነው የሚሰማው። ተነጋገሩና ድምሩን 100 አድርጉት። 103 የሆነ ወረቀት አይቻለሁ። ሦስቱ ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

አንዲት ገጽ ትበቃለች። የዘፈኑ ርዕስ፣ ቀኑ፣ የእያንዳንዱ ትክክለኛ ስም (የመድረክ ስም ብቻ አይበቃም)፣ ድርሻ፣ ፊርማ። የምትፈርሙት በቀረጻው ቀን ይሁን። ያን ቀን ሁሉም ይስቃል፣ ሁሉም ቸር ነው። ዘፈኑ ከወጣና ከሰመረ በኋላ ያው ሰው ሌላ ሰው ሆኖ ይመጣል።

ቢቱን ከኢንተርኔት ገዝታችሁት ከሆነ ፈቃዱን አንብቡት። ርካሹ ፈቃድ ብዙ ጊዜ ገደብ አለው፤ ሻጩ ያንኑ ቢት ለሌላ ሃምሳ ሰውም ሊሸጠው ይችላል። ከሰው ዘፈን የተወሰደ ሳምፕል ካለበት ደግሞ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ።

ለበጎ ሥራ ነው ካላችሁ ያንንም ወረቀቱ ላይ አስፍሩት። በ1989 እነ ራፐር ኬአርኤስ-ዋን «ሰልፍ ዲስትራክሽን»ን ሲያወጡ ገቢው ናሽናል ኧርባን ሊግ ለሚባለው ድርጅት እንዲሆን ነበር የተሠራው። ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ከታወቀ «የእኔስ?» የሚል ሰው አይኖርም።

ጥያቄ፦ ሚክስ ላይ ነኝ። አምስቱም ራፐሮች በየተራ እየደወሉ «የእኔን ድምፅ ትንሽ ከፍ አድርገው» ይሉኛል። የሁሉንም ከፍ ሳደርግ ቢቱ ጠፋ። (በስልክ የተማረረ)

መልስ፦ ኑሮዬን ነው የጻፍከው።

መጀመሪያ ስልኩን ዝጋ። ቀጥሎ ከፍ ያደረግከውን ሁሉ ወደ ነበረበት መልሰህ ቢቱን ሁለት ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ዝቅ አድርገው፤ አምስቱም ባንዴ ከፍ አሉ። ለአምስቱም «አድርጌልሃለሁ» ብትል አልዋሸህም።

ከዚያ ደረጃቸውን በጆሮህ አስተካክል። የድምፅ መለኪያው ላይ እኩል የሚታይ ሁሉ እኩል አይሰማም። ቀጭን ድምፅ ጎልቶ ይሰማል፣ ወፍራሙ ይዋጣል። ወፍራሙን ከፍ ከማድረግህ በፊት ከ80 እስከ 100 ኸርዝ በታች ያለውን ጉርምርምታ ቁረጥለት። ቦታውን ለቤዙ ሲለቅ ቃላቱ ይወጣሉ። የ«ሰ» እና የ«ሸ» ፉጨት ያለበት ካለ እሱን ለብቻው አለዝብ፤ ሁሉም ላይ ብታደርገው ኮልታፋ ታደርጋቸዋለህ። በስልክ ድምፅ ማጉያ ስማው። እዚያ ላይ የአምስቱም ቃል ከተሰማ ደረጃው ልክ ነው።

አምስቱ በተለያየ ክፍል ስለቀዱ አምስት የተለያየ ክፍል ይሰማሃል። ለሁሉም አንድ ሪቨርብ ስጣቸው፤ አጭር፣ እምብዛም የማይሰማ። ስታጠፋው ብቻ መኖሩ የሚታወቅ ዓይነት። ያኔ አንድ ቤት ውስጥ የተቀመጡ ይመስላሉ።

ከተቻለህ ደግሞ አንድ ጊዜ አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስባቸው፤ ለቨርስ አይደለም፣ ለአድሊብ ነው። አንዱ ራፕ ሲያደርግ አራቱ ከኋላው የመጨረሻዋን ቃል ይድገሙለት፣ ይሳቁ፣ «እንዴ!» ይበሉ። አንድ ማይክ መሐል አቁም፤ ጯሂውን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ግፋው። ሰው ቨርሱ ላይ ጓደኞቹ ሲጮሁለት ከሰማ ስለ ድምፁ ከፍታ መደወሉን ይተዋል። ጫማ አስወልቃቸው። የወለሉ ድምፅ ይገባል፤ በኋላ ልታወጣው አትችልም።